ውቅያኖስ ዳር የሚያሳድር ሕግ

በእኛ አገር ድንኳን ሲተከል የሰፈሩ ሰው የሚጠይቀው ‹‹ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ?›› ብሎ ነው። ሦስተኛ ምክንያት ካለ ዘመቻ ወይም መፈናቀል ነው። ጤነኛ ሰው፣ ቤትና አልጋ እያለው፣ ከስድስት ወር በፊት ቦታ አስይዞና ገንዘብ ከፍሎ ድንኳን ውስጥ ሊያድር ሄደ ቢባል ‹‹ምን ሆኖ?›› የሚያሰኝ ነው። አሜሪካውያን ግን በየበጋው በሚሊዮን እየተቆጠሩ ያደርጉታል። እኔ ዛሬ ላስረዳ የፈለግሁት የካምፒንግን ደስታ አይደለም። የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ደመወዝተኛ ቤተሰብ፣ ቱጃሮች ቤት ለመሥራት በሚሻሙበት የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ከሆቴል ኪራይ በእጅጉ ባነሰ ዋጋ ሊያድር የቻለው እንዴት ነው? መልሱ የሚገኘው ከተፈጥሮ ሳይሆን ከሕግ ነው።

ነገሩን በአንድ ቦታ ላይ ላሳይ። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ፣ በኦሪገን ስቴት፣ ዋልድፖርትና ያሃትስ በሚባሉ ሁለት ትንንሽ ከተሞች መካከል ቢችሳይድ የምትባል የስቴት ፓርክ አለች። ፖርትላንድ የሚኖር የእህቴ ልጅ ከነቤተሰቡ ይዞኝ ሄዶ ሁለት ሌሊት አድሬባታለሁ። ትንሽ ናት፤ የማረፊያ ቦታዎቿ መቶ አይሞሉም። ከአውራ ጎዳና 101 ስትታጠፉ ወዲያው በሩ ነው፤ ከበሩ ጥቂት እርምጃ አጫጭር የጥድ ዛፎች፣ ከዛፎቹ ጫፍ አሸዋው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጃፓን ድረስ ውኃ ነው። ላንጋኖን አስቦ የሚሄድ ሰው ግን ይከፋዋል። በኦገስት እንኳ ውኃው እግር ያደነዝዛል፤ ንፋሱ የድንኳን ካስማ ይነቅላል፤ ጠዋት ጉሙ እስኪገፍ ድረስ ባሕሩ ይሰማል እንጂ አይታይም። አሸዋው በምግብ ውስጥም በመኝታ ውስጥም ይገኛል። ዛፎቹ ባይኖሩ ኖሮ ድንኳን መትከል የማይታሰብ ነበር።

‹አር ቪ› የሚባለውን ነገር ላላየ አንባቢ ትንሽ ልግለጽ። አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ሽንት ቤት ያለው ተሽከርካሪ ቤት ነው። ራሱ ሞተር ያለው አለ፤ በፒክአፕ የሚጎተት አለ፤ ከሚኒባስ የማይበልጥም አለ። ከሥሩ ሦስት ታንከሮች ይኖሩታል። አንዱ የንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ፣ ሦስተኛው የሽንት ቤት ነው። ፓርኩ ለአር ቪ የሚያከራየው ቦታ የመብራት ሶኬትና የውኃ ቧንቧ የተዘረጋለት ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታዎች የፍሳሽ መስመርም ይጨመራል፤ ፍሳሽ ከሌለ ባለቤቱ ታንከሩን በተመደበለት ማስወገጃ ሄዶ ይደፋል። በድንኳን የሚያድረው ደግሞ ጠፍጣፋ መሬት፣ አንድ ጠረጴዛና እሳት ማንደጃ ያገኛል፤ ሽንት ቤትና የሞቀ ሻወር በጋራ ነው። ብስክሌተኞችና እግረኞች በብዙዎቹ የኦሪገን ጠረፍ ፓርኮች ቀድሞ ማስያዝ የማያስፈልገው፣ በጣም ርካሽ የሆነ የጋራ ማደሪያ ተለይቶላቸዋል። ከእኛ ድንኳን ጎን የነበሩት ጡረተኛ ባልና ሚስት አውቶቡስ የሚያህል አር ቪ አቁመው ነበር። በገመትኩት ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ደህና አፓርታማ ይገዛል። ከእነሱ ማዶ አንድ ወጣት ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ ከአንድ ሰው በላይ በማትይዝ ድንኳን ተኝቷል። ጠዋት ሁሉም የወጡት ወደ አንድ አሸዋ ነው።

እንግዲህ ያ አሸዋ የማን ነው? እዚህ ላይ አሜሪካ አንድ አገር አይደለችም። በማሳቹሴትስና በሜይን፣ ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የቅኝ ግዛት ደንብ በወረሱት ሕግ መሠረት፣ የባለ ይዞታው መሬት ውኃው እስከሚሸሽበት ዝቅተኛ መስመር ድረስ ይዘልቃል። ሌላው ሰው ለማጥመድ፣ ወፍ ለማደንና በጀልባ ለማለፍ ካልሆነ በስተቀር ፎጣ አንጥፎ ለመጋደም ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ኦሪገን ሌላ መንገድ ያዘች። እ.ኤ.አ. በ1913 ገዢው ኦስዋልድ ዌስት፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል በሚነካው መስመር መካከል ያለው ዳርቻ ‹‹የሕዝብ አውራ ጎዳና ነው›› የሚል አጭር ሕግ እንዲወጣ አደረጉ። ብልሃቱ ቀላል ነበር። በዚያ ዘመን ሰውም ጋሪም በእርጥቡ አሸዋ ላይ ስለሚጓዝ፣ መንገድ ነው የሚለውን ማንም ሊክደው አይችልም። መንገድ ደግሞ አይታጠርም።

ሕጉ የያዘው ግን እርጥቡን አሸዋ ብቻ ነው። ድንኳን የሚተከልበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ሰው የሚቀመጥበት ደረቁ አሸዋ አልተጠቀሰም። ለሃምሳ ዓመት ያህል ማንም ልብ አላለውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ካነን ቢች በምትባል ከተማ አንድ የሞቴል ባለቤት ከሞቴሉ ፊት ያለውን ደረቅ አሸዋ በግንድ ከልሎ ‹‹ለእንግዶቼ ብቻ›› አለ። ጉዳዩ ምክር ቤት ደረሰ፤ ጋዜጣውና ቴሌቪዥኑ ተቀባበሉት፤ ደብዳቤው ጎረፈ። ገዢው ቶም ማኮል ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበሩ ሰው ስለሆኑ የምስልን ጉልበት ያውቃሉ። ቀያሾችን በሄሊኮፕተር ይዘው አሸዋው ላይ አረፉና መስመሩን በእንጨት አስለኩ። በጁላይ 1967 ‹‹የቢች ሕግ›› የሚባለው ጸደቀ። ሕዝቡ ቁጥቋጦ መብቀል እስከሚጀምርበት መስመር ድረስ የመጠቀም መብት እንዳለው ታወጀ። የመሬቱ ባለቤትነት የተወሰደበት ሰው የለም፤ በባለቤትነቱ ላይ የሌላው የመጠቀም መብት ተጫነበት እንጂ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን የንብረት አገልግሎት ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው።

የሞቴሉ ባለቤት ግን ተሟገተ። እ.ኤ.አ. በ1969 የኦሪገን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ‹‹ቶርንተን በሃይ ላይ›› በሚባለው መዝገብ የሰጠውን ፍርድ ለሕግ ሰው ማንበብ ደስ ይላል። ዳኛው አልፍሬድ ጉድዊን የመረጡት መሠረት በአሜሪካ ምድር ብዙም ያልተሠራበትን የድሮውን የእንግሊዝ የልማድ ሕግ ነው። ብላክስቶን የተባለው ሊቅ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አንድ ልማድ ሕግ የሚሆንባቸውን ሰባት መመዘኛዎች ጽፎ ነበር። ከጥንት የነበረ፣ ያልተቋረጠ፣ ያለ ጠብ የተሠራበት፣ ምክንያታዊ የሆነ እያለ ይቀጥላል። ፍርድ ቤቱ የኦሪገንን አሸዋ በእነዚህ ለካው። ነባሮቹ ሕንዶችም፣ በኋላ የመጡት ሰፋሪዎችም በደረቁ አሸዋ ላይ እንጨት ሲለቅሙ፣ እሳት ሲያነዱ፣ ሲያድሩ ኖረዋል፤ ማንም አልከለከላቸውም። ስለዚህ ካምፒንጉ ራሱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። ሰዎች ሳያውቁት፣ በየበጋው እየሄዱ በመቀመጣቸው ብቻ መብት ሲያቋቁሙ ኖረዋል።

ለባለ ይዞታዎቹ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፣ አቤቱታቸው ከንቱ አይደለም። ‹‹ገዝቼ፣ ግብር እየከፈልኩበት ያለካሳ ተነጠቅሁ›› ነው የሚሉት። ጉዳዩ በሌላ መዝገብ ተመልሶ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልቀበልም ሲል፣ ዳኛ ስካሊያ ልማድን እንዲህ ወደ ኋላ እየተረጎሙ ንብረት መውሰድ አይቻልም የሚል ጠንካራ ተቃውሞ ጽፈዋል። እኔ ከኦሪገን ዳኞች ጋር ነኝ፤ ነገር ግን የስካሊያን ጽሑፍ ሳያነብ ከእነሱ ጋር የሚቆም ሰው በቀላሉ ነው የቆመው።

ይህን ፍርድ ያነበበ ኢትዮጵያዊ የሕግ ሰው ወደ አገሩ ማሰቡ አይቀርም። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በአንቀጽ 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ የነበሩትን ልማዶች ሽሯቸዋል። አባቶቻችን ሐይቅ ዳር ከብት ያጠጡ ነበር፣ ልብስ ያጥቡ ነበር የሚል ሰው የጉድዊንን ዓይነት መከራከሪያ ለማቅረብ መንገዱ ጠባብ ነው። በሌላ በኩል በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ማለትም ኦሪገን ውስጥ አሸዋው የግል ሆኖ ሕዝቡ ይገባል፤ እኛ ዘንድ መሬቱ የሕዝብ ሆኖ ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ውኃው ዘንድ ለመድረስ ብዙ ጊዜ የሪዞርት በር አልፈን፣ መግቢያ ከፍለን ነው። የባለቤትነትና የመግቢያ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

አሸዋው ነጻ ቢሆንም የሚታደርበት ፓርክ ወጪ አለው። የኦሪገን ስቴት ፓርኮች ከመደበኛው የግብር ገቢ በጀት አይመደብላቸውም። የሚተዳደሩት ከማደሪያው ኪራይ፣ ከሎተሪና ከአር ቪ ምዝገባ ክፍያ ነው። የሎተሪው ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1998 በሕዝብ ድምፅ ተወስኖ በ2010 ዘላቂ ሆኗል። የአር ቪው ነገር በተለይ ደስ ይለኛል። አውቶቡስ የሚያህለው ቤት ባለንብረት ለተሽከርካሪው የሚከፍለው ገንዘብ ብስክሌተኛው ለሚታጠብበት ሻወር ይተርፋል። ከ2022 ጀምሮ ከሌላ ስቴት በሚመጡ አር ቪዎች ላይ 25 በመቶ ተጨምሯል። ይህም ሆኖ ገቢው ከጥገናው ወጪ ጋር እኩል አልሄደም፤ በ2025 ኪራዩ ጨምሯል። ድንኳኑ እንደ ሆቴል እየተወደደ ከሄደ ግን የቢች ሕጉ በወረቀት ላይ ሳይነካ ሊቀር፣ የሚጠቀምበት ሰው ግን ሊቀየር ይችላል።

ሌሎቹ ደንቦች አሰልቺ ይመስላሉ። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ድምፅ የለም፤ ማገዶ ከሩቅ ይዞ አይመጣም፣ የዛፍ ተባይ ያስገባልና እዚያው ይገዛል። አንዱ ደንብ ግን ያሳስባል። በአንድ ፓርክ ውስጥ ከ17 ቀን 14 ሌሊት በላይ ማደር አይቻልም። የቤት ኪራይ ያሻቀበባቸው ሰዎች አር ቪን መዝናኛ ሳይሆን መኖሪያ ስላደረጉት፣ ይህ ደንብ በተግባር ‹‹እዚህ አትኖሩም›› የሚል ነው። ባይኖር ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ይዞ ይቀራል፤ ሲኖር ደግሞ ሄዶ የሚያርፍበት የሌለውን ሰው ያባርራል። ፓርክ የቤት ችግርን እንዲፈታ መጠበቅ ተገቢ ባይሆንም፣ ደንቡን የሚያስፈጽመው ጠባቂ ሥራው ቀላል አይመስለኝም።

ባሕሩም የራሱ ደንብ አለው። በማርች 1964 አላስካ ላይ የደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሳው ማዕበል በዚያው ሌሊት ከቢችሳይድ በስተሰሜን ቤቨርሊ ቢች ደርሶ፣ ከወላጆቻቸው ጋር አሸዋ ላይ ተኝተው የነበሩ የአንድ ቤተሰብ አራት ልጆችን ወስዷል። ያ ከሩቅ የመጣ ነበር። ከኦሪገን ጠረፍ ትይዩ ባሕር ሥር ያለው ስንጥቅ በጃንዋሪ 1700 ሲንቀሳቀስ ማዕበሉ ጃፓን ድረስ ደርሶ በጽሑፍ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው የቅርቡ ከመጣ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ ዳርቻውን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ በየፓርኩ የማምለጫ አቅጣጫ ምልክት ተተክሏል። መሬቱ አጥብቆ ከተንቀጠቀጠ ማስጠንቀቂያ አይጠበቅም፤ አር ቪውም ድንኳኑም ተትቶ በእግር ወደ ከፍታ ነው። የእህቴ ልጅ ድንኳኑን ሳይተክል በፊት ልጆቹን ይዞ መንገዱን በእግር አሳያቸው፤ እኔንም ጨምሮ።

ከዚህ በዝግታ የሚመጣው ግን ሌላ ነው። ባሕሩ ዳርቻውን እየበላ ሲሄድ ቁጥቋጦው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አሸዋው ወደ ቤቶቹ ይጠጋል። ባለቤቶቹ ቤታቸውን ለማዳን የድንጋይ ግንብ መገንባት ይፈልጋሉ። ግንቡ ቤቱን ቢያድን እንኳ፣ ባሕሩ ወደፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አሸዋ የሚሸሽበት ስለማይኖረው እየጠበበ ያልቃል። አጥር ሳይታጠር፣ ክልከላ ሳይነገር የሕዝቡ ዳርቻ ይጠፋል ማለት ነው። ኦሪገን ይህን አስቀድማ አስባ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1977 በፊት ባልለማ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ግንብ በመርህ ደረጃ እንዳይፈቀድ ደንግጋለች። ከዚያ ቀን በኋላ የተሠሩ ቤቶች ባለቤቶች ልዩ ፈቃድ እየጠየቁ ነው፤ ባሕሩም ዳርቻውን መብላቱን አላቆመም፤ በ1966 በግንድ የተጀመረው ክርክር አሁን በድንጋይ ቀጥሏል።