ቢላ የሌለበት ቀዶ ጥገና፦ ራዲዮሰርጀሪና አስቸጋሪዎቹ የአንጎል ሽፋን ዕጢዎች

አንጎልን ከሚሸፍኑት ስስ ገለፈቶች የሚነሣው ዕጢ ሜኒንጂዮማ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጣለት አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ ነው። አብዛኛው ዝግ ብሎ የሚያድግ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2ኛና በ3ኛ ደረጃ የሚመድባቸው ዓይነቶች ግን ሴሎቻቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚከፋፈሉ በቀዶ ጥገና ከወጡ በኋላም ተመልሰው ማደግ ይቀናቸዋል።

ለእነዚህ ከሚሞከሩት ሕክምናዎች አንዱ፣ ስዊድናዊው ላርስ ሌክሴል እ.ኤ.አ. በ1951 ሐሳቡን ያቀረበው ራዲዮሰርጀሪ ነው። ጋማ ናይፍ በተባለው መሣሪያ የታካሚው ራስ እንዳይነቃነቅ በማዕቀፍ ከተያዘ በኋላ፣ ወደ 200 ከሚጠጉ የኮባልት 60 ምንጮች የሚወጡ ቀጫጭን ጨረሮች ዕጢው ላይ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ደካማ በመሆኑ የሚያልፍበትን ጤናማ አካል እምብዛም አይጎዳም፣ መገናኛቸው ላይ ግን ኃይላቸው ተደምሮ የሴሎቹን ዘረመል ይበጣጥሳል።

በ1ኛ ደረጃ ዕጢ ላይ ውጤቱ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከ10 ታካሚዎች በ9ኙ ገደማ ዕድገቱ ለ5 ዓመት ያህል ይገታል። (ተገታ ማለት ጠፋ ማለት አለመሆኑ ለታካሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።) በ2ኛ ደረጃ ውጤቱ በግልጽ ይቀንሳል፣ በ3ኛው ደግሞ ይብሳል፤ በምስል የሚታየው ጠርዝ የዕጢው እውነተኛ ወሰን ስላልሆነ፣ አልፈው የሰረጉት ሴሎች ብዙ ጊዜ ከታከመው ስፍራ አጠገብ እንደገና ያድጋሉ። በዚህም ምክንያት ሐኪሞች ሰፋ ያለ ክልል የሚሸፍነውን፣ ለሳምንታት ተከፋፍሎ የሚሰጠውን ጨረር ያስቀድሙና ራዲዮሰርጀሪን ለትንንሽ ቅሪቶችና ለተመለሱ ዕጢዎች ያቆዩታል።