የሐሩርና የውርጭ መጻሕፍት

ስለ በረሃና ስለ ዋልታ ምድር የተጻፉ መጻሕፍትን ደርቦ የሚያነብ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ያስተውላል። ሽፋኑ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ እንጂ መንገዱን ብቻውን የዘለቀ ጸሐፊ እምብዛም አይገኝም። የውሃ ጉድጓዱን የሚያውቅ ግመል ነጂ፣ ውሾቹን የሚገራ አዳኝ፣ ከባላገሩ ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ አብሮት አለ። እኔ እነዚህን መጻሕፍት ስመዝን መጀመሪያ የማየው ይህንኑ ነው፤ አብረው የተጓዙት ሰዎች በስማቸውና በጠባያቸው ይገኛሉ ወይስ ከጓዙ ጋር ተቆጥረው ይታለፋሉ? ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በረሃንና ዋልታን በአንድ ዳሰሳ ማየት ምክንያት አለው። በረሃን በረሃ የሚያሰኘው ሙቀቱ ሳይሆን የዝናቡ ማነስ ነው። በዚህ መለኪያ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው አንታርክቲካ ሰሃራን በልጦ የዓለም ትልቁ በረሃ ይሆናል፤ መሃል አገሩ ላይ በዓመት የሚወርደው በረዶ ቀልጦ ቢለካ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ነው። ተጓዡም በሁለቱም ስፍራ የሚያሰላው አንድ ዓይነት ሂሳብ ነው፦ ስንቁ ስንት ቀን ያደርሳል፣ እንስሳቱ ምን ያህል ጉልበት ቀርቷቸዋል፣ የሚቀጥለው ማረፊያ ምን ያህል ይርቃል።

ዘርፉ የቆየ ነው። ኢብን ባቱታ በ1352 ከሲራራ ነጋዴዎች ጋር ሰሃራን አቋርጦ ማሊ ሲገባ፣ ቤቶቿና መስጊዷ ከጨው ድንጋይ የታነጹ፣ ጣሪያቸው በግመል ቆዳ የተሸፈነ ታጋዛ የምትባል የጨው መንደር አይቶ ጽፏል። ጎንደርን በስፋት የገለጸው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ወደ አገሩ ሲመለስ በስናር በኩል የኑቢያን በረሃ ለማቋረጥ ተነሳ። ግመሎቹ አልቀው መሣሪያዎቹንና ማስታወሻዎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በ1772 መጨረሻ አስዋን ደረሰ፤ ከዚያ ተመልሶ ሄዶ ዕቃውን አነሳ። ያ ባይሆን በ1790 የታተመው አምስት ቅጽ መጽሐፉ ዛሬ ባልኖረ ነበር። በረሃውን ያሻገረው ኢድሪስ የተባለ መንገድ መሪ ነው፤ ብሩስም ስሙን አልደበቀውም።

ለእኛ አገር አንባቢ የዚህ ዘርፍ ዋና ስፍራ አፋር ነው፤ በአውሮፓውያን መጻሕፍት ደንከል እየተባለ የሚጠራው ምድር። ዌርነር ሙንዚንገር ለግብፅ መንግሥት ጦር እየመራ ወደ አውሳ ገብቶ በ1875 እዚያው ተገደለ። በ1880ዎቹም የጣሊያን ተጓዦች በዚሁ ምድር አልቀዋል። በ1928 ኔስቢት የተባለ መሐንዲስ ከሁለት ጣሊያናውያን ጋር ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ሰሜን ዘለቀና መጽሐፉን በ1934 አሳተመ። መጽሐፉ ስለ መሬቱ ብዙ ያስተምራል። ስለ ሰዉ ግን ከፍርሃቱ አልፎ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ከአፋሩ እረኛ ይልቅ በደንብ ተስሏል።

ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተለየ ሰው ነው። በ1910 አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ተወለደ። ልጅ ሳለ በ1916 የሰገሌ ድል አድራጊ ሠራዊት ወደ ከተማ ሲገባ ያየውን ሰልፍ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም፤ በ1930ም በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ ተገኝቷል። በ1933 ዕድሜው 23 ሲሆን ተመልሶ የመጣው አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፦ አዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ የሚጠፋው የት ነው? መንግሥት ለደኅንነቱ ሰግቶ አንድ ጊዜ ከመንገድ ቢመልሰውም እንደገና ተነሳ። የአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ጫካ ውስጥ ባለ ገላጣ ሜዳ፣ በጨረቃ ብርሃን ተቀብለው አነጋገሩትና እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ወንዙን ተከትሎ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያም በ1934 ታጁራ ወጣ። የዚያ ጉዞ ማስታወሻ በመጽሐፍ መልክ የወጣው ግን በ1996 ነው። ውስጡ ሰዎቹን የሚመራው፣ ጠቡን የሚያበርደው፣ ከባላባቶች ጋር የሚደራደረው ኡመር ጎልቶ ይታያል። ያለ እሱ ጉዞው እንደማይሳካ አንባቢ ከገጽ ገጽ ይረዳል።

ቴሲጀርን ስመ ጥር ያደረገው ግን በ1959 የታተመው ስለ አረቢያ አሸዋ የጻፈው መጽሐፍ ነው። መነሻውም እዚሁ አገር ነው። ደሴ ላይ የአልጋ ወራሹ አማካሪ ሆኖ ሠርቶ ከለቀቀ በኋላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የበረሃ አንበጣ መፈልፈያ የሚያጠና ሰው የሚፈልግ ባለሙያ አገኘውና ሥራውን ሰጠው። አንበጣ ፍለጋ በሚል ሰበብ ከ1946 ጀምሮ ሩብ አል ኻሊ የሚባለውን ባዶ ምድር ሁለት ጊዜ አቋረጠ። ከመጽሐፉ ውስጥ አንድ ቦታ ደጋግሜ አነባለሁ። ቅፍለቱ ነፋስ ያደበዘዘው የግመል ዱካ ላይ ይደርሳል። አንድ ሽማግሌ ከግመሉ ወርዶ ዱካውን ይመረምራል፤ ፋንድያውን በጣቱ ፈርፍሮ ያያል፤ ከዚያ ይናገራል። ያለፉት ሰዎች ስድስት ናቸው፤ ጎሣቸው አዋሚር ነው፤ በደቡቡ ጠረፍ ጀነባዎችን ዘርፈው ሦስት ግመል ወስደዋል፤ ውሃ የቀዱት ሙግሺን ነው፤ በዚህ ካለፉ ዐሥር ቀን ሆኗቸዋል። ቴሲጀር ይህን ዕውቀት ቁጭ ብሎ እንደተማሪ መዝግቦታል። ቢን ካቢና እና ቢን ጋበይሻ የተባሉት ወጣት ጓደኞቹም በመጽሐፉ ውስጥ ይቀልዳሉ፣ ይኮራሉ፣ ይጣላሉ፣ የተራቡበትን ምግብ ለእንግዳ ይሰጣሉ። ቴሲጀር መኪናንና የነዳጅ ኩባንያን አጥብቆ ይጠላ ነበር፤ የበደዊኑ ድህነት እንዳይለወጥ መመኘቱ ደግሞ የሚያስቀይም ነው። የሰዎቹን ክብር ግን አላጎደለም።

ሌሎቹን የአረቢያና የሰሃራ መጻሕፍት ፈጠን ብዬ ልለፍ። ዳውቲ በ1888 ያሳተመው ግዙፍ መጽሐፍ ለተከታዮቹ ሁሉ መነሻ ነው፤ ቋንቋው ግን ይከብዳል። በርትራም ቶማስ ባዶውን ምድር ከቴሲጀር በፊት፣ በ1930 መጨረሻ ከሰላላ ተነስቶ አቋርጦታል። ባግኖልድ በፎርድ መኪና የሊቢያን በረሃ ካሰሰ በኋላ አሸዋ በነፋስ እንዴት እንደሚጓዝ በ1941 የጻፈው የፊዚክስ መጽሐፍ የማርስን የአሸዋ ክምር ለሚያጠኑ ሁሉ እስከ ዛሬ ያገለግላል። ሳንት ኤግዙፔሪ በ1935 መጨረሻ አውሮፕላኑ ሊቢያ በረሃ ላይ ወድቆበት ከመካኒኩ ከፕሬቮ ጋር በውሃ ጥም ሊሞት ሲል አንድ በደዊን ደረሰላቸው። በ1939 በወጣው መጽሐፉ ስለዚያ ሰው የጻፈው ገጽ በዘርፉ ካነበብኳቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይበልጥብኛል። ሮቢን ዴቪድሰን በ1977 በአራት ግመሎችና በአንድ ውሻ 2,700 ኪሎ ሜትር የአውስትራሊያን በረሃ አቋርጣ በ1980 ጻፈች። ከፊሉን መንገድ የመራት አቦርጂናዊ ሽማግሌ ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት ሁሉ ደስ የሚል ነው።

በረሃው ራሱ የወለዳቸው ጸሐፊዎችም አሉ። በ1948 የተወለደው ሊቢያዊ ቱዋሬግ ኢብራሂም አል ኮኒ በልቦለዶቹ ውስጥ በረሃን እንደ ጀብዱ ሜዳ አያየውም። አንዱ ስለ አንድ ሰውና ስለ ዝንጉርጉር ግመሉ ነው፤ ሌላው የጥንት የዋሻ ሥዕሎችን ስለሚጠብቅ እረኛ። ከአውሮፓውያኑ መጻሕፍት በኋላ እሱን ማንበብ ዓይን ይከፍታል፤ ያ “ባዶ” የተባለ ምድር በባለቤቶቹ ዘንድ በስም፣ በታሪክና በሕግ የተሞላ ነው።

ወደ ውርጩ እንሻገር። በደቡብ ዋልታ መጻሕፍት ውስጥ ከቼሪ ጋራርድ የ1922 መጽሐፍ የሚስተካከል አላገኘሁም። በሰኔ 1911 መጨረሻ፣ ፀሐይ በማትወጣበት የዚያ ምድር ክረምት፣ ከዊልሰንና ከባወርስ ጋር የንጉሠ ነገሥት ፔንጉይን እንቁላል ሊያመጣ ወጣ። እንቁላሉ የተፈለገው በውስጡ ያለው ሽል የአእዋፍን አመጣጥ ይነግረናል ተብሎ ነው። ሦስቱ ሰዎች ራሳቸው የበረዶ ተንሸራታች ጋሪ እየጎተቱ አምስት ሳምንት በጨለማ ተጓዙ፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አልፏል። አንድ ጠዋት ቼሪ ከድንኳን ወጥቶ ዙሪያውን ለማየት ቀና እንዳለ ልብሱ በሰከንዶች ውስጥ እንደ ቆርቆሮ ደረቀና አንገቱን መመለስ አቃተው፤ ለሰዓታት ያን እንዳለ ጋሪ ጎተተ። ጥርሱ ከመንቀጥቀጥ ብዛት ተሰነጣጠቀ። ማዕበል ድንኳናቸውን ወሰደባቸው፤ በኋላ ፈልገው አገኙት። ሦስት እንቁላል ይዘው ተመለሱ። ዊልሰንና ባወርስ በማግስቱ ዓመት ከጉዞው መሪ ከካፒቴን ስኮት ጋር ከዋልታው ሲመለሱ ሞቱ። እንቁላሉን ለንደን ለሚገኘው ሙዚየም ያስረከበው ቼሪ ነው፤ የተቀበሉት ባለሥልጣናትም ፊት ነሱት። መጽሐፉ ከፍተኛ ደረጃ የሚሰጠው ለሞቱት ጓደኞቹ ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገረው በቁጥብነት ነው።

አሙንድሰን በታህሣሥ 1911 ስኮትን ቀድሞ ደቡብ ዋልታ የደረሰው በብዙ ምክንያት ነው፤ አንዱ ግን ለዚህ ዳሰሳ ይጠቅመናል። ከዚያ በፊት በሰሜን ካናዳ ሁለት ክረምት ከኔትሲሊክ ኢኑዊቶች ጋር ሰንብቶ የፀጉር ልብስ አሰፋፉንና የውሻ አነዳዱን ተምሮ ነበር። የስኮት ሰዎች በገዛ ጉልበታቸው ሲጎትቱ እሱ በውሾች ሄደ። የዋልታው ድል የኢኑዊት ዕውቀት ድልም ነው።

ማቲው ሄንሰንም ይህን ያውቅ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ1909 ከጉዞው መሪ ከፒሪ ጋር ወደ ሰሜን ዋልታ ሲያመራ የኢኑዊትን ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። ትክክለኛው ነጥብ ላይ መድረሳቸው ዛሬም ያከራክራል። አብረዋቸው የነበሩት አራት ኢኑዊቶች ኡታ፣ ኤጊንግዋ፣ ሲግሉ እና ኡኬያ ይባላሉ። ክብሩን ሁሉ ፒሪ ወሰደ። ሄንሰን በ1912 የራሱን መጽሐፍ አሳተመና ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖረ፤ አጽሙ በክብር ወደ አርሊንግተን መቃብር የተዛወረው በ1988 ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የምወደው የቶጎው ተወላጅ የቴቴ ሚሼል ክፖማሲ መጽሐፍ ነው። ልጅ ሳለ ዛፍ ላይ እባብ አስደንግጦት ወደቀ። ያዳነችው የዘንዶ አምልኮ ካህን ስለነበረች ቤተሰቡ ለአምልኮው ሊሰጠው ቃል ገባ። በዚያው ሰሞን ሎሜ ውስጥ ከሚሲዮን መጻሕፍት መደብር ስለ ግሪንላንድ የተጻፈ መጽሐፍ አገኘ፤ እባብ የሌለበት፣ ዛፍ የማይበቅልበት አገር መኖሩን አነበበ። ከቤት ጠፍቶ በየአገሩ እየሠራ፣ ቋንቋ እየለመደ፣ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጅቶ በ1965 ግሪንላንድ ደረሰ። ከመርከብ ሲወርድ ሕፃናቱ አይተውት ደነገጡ። እየቆየ ወደ ሰሜን ዘለቀ፤ ኡፐርናቪክ አካባቢ ሮበርት ማታክ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ኖረ። የሽማግሌው የሣር ጎጆ ግድግዳ ከውስጥ በመጽሔት ገጾች ተለጥፎ ነበር፤ ለዓመታት ያጠራቀሙት ወረቀት ለእሳቸው ቤተ መጻሕፍታቸው ነው። ክፖማሲ የአፍሪካ ልጅነቱን እያስታወሰ የእንግዳ አቀባበሉን፣ የምግብ ክፍፍሉን፣ የልጅ አስተዳደጉን ከአገሩ ጋር ያመሳክራል፤ መጠጥና ሥራ ማጣት ያደረሱትን ጉዳትም አይሸፍንም። በፈረንሳይኛ በ1981 ታትሟል።

በአማርኛ የጉዞ መጽሐፍ ባህል አለን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የጃፓን ጉዟቸውን “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” ብለው አሳትመዋል፤ ፍቅረማርቆስ ደስታም የሐመርን ሕይወት ወደ ልቦለድ አምጥቷል። የጎደለን የበረሃው መጽሐፍ ነው። ከትግራይ ደጋ ወደ አፋር የጨው ሜዳ ሲወርዱ የኖሩት አርሆ የተባሉ የጨው ሲራራ ነጋዴዎች፣ አሞሌውን የሚፈልጡትና የሚጠርቡት ሠራተኞች፣ ግመሉ በጭነት መኪና ሲተካ ያዩ አፋሮች የሚያውቁት ገና በሙሉ አልተጻፈም። በ1980ዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲጓዙ ሺዎች መንገድ ላይ የቀሩባቸው ቤተ እስራኤላውያን፣ ዛሬም በኦቦክ ወደ የመን፣ በሰሃራ ወደ ሊቢያ የሚሻገሩ ወጣቶች ቴሲጀር ከተጠማው ያልተናነሰ ተጠምተዋል። የእነሱ ምስክርነት በቃለ መጠይቅና በዘገባ ተበታትኖ ይገኛል፤ ሰብስቦ መጽሐፍ የሚያደርገው ይፈልጋል።

በዚህ ዘርፍ ማንበብ ለሚጀምር ወጣት ክፖማሲን አስቀድሜ እሰጠዋለሁ፤ ቀጥሎ የቴሲጀርን የአፋር ማስታወሻ ካርታ ዘርግቶ፣ ቼሪ ጋራርድን ደግሞ ሳይቸኩል ያንብብ። ተርጓሚዎቻችንም ወደ አማርኛ ለመመለስ ከእነዚህ አንዱን ቢመርጡ የመጀመሪያው የክፖማሲ እንዲሆን እመኛለሁ።