ሕይወት ያለው ሸቀጥ፦ ባዮቴክኖሎጂና ንግድ በአንድ ዲግሪ

ሐሙሲት በደራ ወረዳ ያለች ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ከጣና በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው በዚህ ሜዳ ሩዝ የጥንት እህል ይመስላል፤ ዕድሜው ግን ከአንድ ጎልማሳ ዕድሜ አይበልጥም። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ያመጡት ዘር በሁለት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ ተሞከረ፤ አንዱ የፎገራው ሻጋ፣ ሌላው የደራው ጅግና ነበር። በገበሬው ዘንድ የገነነው ዝርያ እስከ ዛሬ ኤክስ-ጅግና ይባላል። ከዚያ ወዲህ የምርምር ማእከላት ሌሎች ዝርያዎችን ቢለቁም ገበሬው ጅግናን በቀላሉ አልተወውም። ዋናው ምክንያት በሄክታር የሚሰጠው ኩንታል ብቻ ሳይሆን የፍሬው ንጣት ነው። በዚህ አካባቢ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ እንጀራ የሚገዛ ሰው ንጣት ያያል፤ ነጋዴውም ዋጋ የሚቆርጠው በዚያው ነው። በሙከራ ማሳ ላይ አንደኛ የወጣ ዘር ገበያ ላይ በቀለሙ ምክንያት ሊወድቅ ይችላል።

ዝርያውን የሚያወጣው ሰው ገበያውን አያውቅም፤ ገበያውን የሚያውቀው ደግሞ ዝርያው እንዴት እንደሚወጣ አያውቅም። እዚህ የማስተዋውቀው የትምህርት ዓይነት ይህን ክፍተት ለመድፈን የታሰበ ነው፤ የባዮቴክኖሎጂ ሳይንስንና የንግድ ሥራን በአንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ውስጥ አጣምሮ ያስተምራል።

ባዮቴክኖሎጂ ሕይወት ያለውን ነገር፣ በተለይም በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ተሕዋስያን፣ ለሰው ጥቅም የማሠራት ጥበብ ነው። እርሾ አኑራ ሊጥ የምታቦካ እናት የምትሠራው ከዚህ ወገን ነው። የዛሬው ሙያ ግን ርቆ ሄዷል፤ ከአንዲት እንቡጥ በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ያወጣል፣ ክትባትና ኢንዛይም ያመርታል፣ የተክልን ዘረ መል ይለውጣል። አገራችንም ለዚህ ሕግ አውጥታለች። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በ896/2007 ከተሻሻለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘረ መሉ የተለወጠ ቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቅዷል። የንግዱ ትምህርት ሌላ ዓለም ነው፤ ሂሳብ አያያዝ፣ ገበያ ጥናት፣ ፋይናንስ፣ ውል፣ የአእምሮ ንብረት ሕግ።

ሁለቱን ለሁለት ሰው ከፍሎ መስጠት አይቀልም ወይ? ለብዙ ሸቀጥ ይቀላል። ብሎኬት የሚያመርት ኢንጂነር ሂሳብ ሠራተኛ ቀጥሮ ሊገላገል ይችላል፤ ብሎኬት ሳይሸጥ ቢከርም ብሎኬት ነው። የባዮቴክኖሎጂ ምርት ግን ሕያው ነው፤ ይሞታል፣ ይበከላል፣ ጊዜው ያልፍበታል። ስለዚህ ከቤተ ሙከራው የተነሳ እያንዳንዱ ነገር ወዲያው የገንዘብ ጉዳይ ይሆናል።

ለምሳሌ ራይዞቢየምን እንውሰድ። ይህ በሽምብራ፣ በባቄላና በአተር ሥር ላይ እባጭ እየሠራ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 ከመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ተክል በቀጥታ አይጠቀምበትም፤ ባክቴሪያው ግን አየሩን ይዞ ለተክሉ ምግብ ያደርገዋል። ይህን ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ አባዝቶ፣ ከደቀቀ አፈር መሰል ዱቄት ጋር ደባልቆ፣ በትንሽ ከረጢት አሽጎ ለገበሬ መሸጥ ይቻላል። መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ የተባለው የግል ኩባንያ በአገራችን የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሕያው ማዳበሪያ ይሉታል። ገበሬው ዘሩን በስኳር ውኃ አርሶ፣ ጥላ ሥር ከዱቄቱ ጋር አሽቶ፣ ሳይውል ሳያድር ይዘራዋል።

ከረጢቱ አንድ ሱቅ ውስጥ ደረሰ እንበል። በእያንዳንዱ ግራም ውስጥ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ሕይወት አለ። ባለሱቁ እንደ ሳሙና መስኮት ላይ ቢደረድረው ፀሐዩ ይፈጀዋል፤ ከረጢቱ ግን መልኩን አይለውጥም። ገበሬው የሞተ ዱቄት ገዝቶ ይዘራል፣ ለውጥ አያይም፣ በሚቀጥለው ዓመትም አይመለስም፤ ለጎረቤቱም ይናገራል። በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ እንኳ ዕድሜው ስድስት ወር ገደማ ነው። ሽምብራ ደግሞ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ ዋልካው አፈር በያዘው እርጥበት ላይ ነው፤ ገዢ የሚገኘው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ማለት ነው። ለባቄላ የተዘጋጀው ባክቴሪያ ለሽምብራ አያገለግልም፤ ዓይነቱ ሌላ ነው። እንግዲህ አምራቹ ስንት ከረጢት ለየትኛው ሰብል ያምርት? መቼ ይጀምር? ማን በምን ያጓጉዝለት? ያልተሸጠውን ማን ይክሰር? እነዚህ ጥያቄዎች የንግድ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው ግን ባክቴሪያው በስንት ዲግሪ ሙቀት ስንት ቀን እንደሚቆይ ከማወቅ ይጀምራል። በየፊናቸው የተማሩ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሊመልሷቸው ይችሉ ይሆናል። ሦስት ተመራቂዎች ተደራጅተው በጥቃቅንና አነስተኛ ሲመዘገቡ ግን አራተኛ ሰው የሚቀጥሩበት ደመወዝ የላቸውም።

ከእንቡጥ ችግኝ የሚያባዛው ቲሹ ካልቸርም እንዲሁ የቀን ስሌት ነው። ከአንድ ጤነኛ የሙዝ ተክል የተወሰደች እንቡጥ በጠርሙስ ውስጥ ምግብና ሆርሞን እየተሰጣት በየአራት ሳምንቱ ሦስት እጥፍ ብትባዛ፣ ከስድስት ዙር በኋላ 729 ትሆናለች። ስድስት ዙር 24 ሳምንት ነው። ሥር ለማስያዝ አራት ሳምንት፣ ከጠርሙስ አውጥቶ በጥላ ቤት ከውጭው አየር ጋር ለማላመድ ስምንት ሳምንት ቢጨመር 36 ሳምንት ይመጣል። ችግኙ ሰኔ መባቻ ላይ ከገበሬው እጅ መግባት ካለበት ሥራው በመስከረም አጋማሽ መጀመር አለበት። በኅዳር የጀመረ ሰው ችግኙን ይዞ የሚደርሰው ክረምቱ ሲጋመስ ነው። ከመቶ ጠርሙስ አሥሩ ሻጋታ ቢገባባቸው ደግሞ የጠፋው አሥር ጠርሙስ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ አሥሩ ወደ ፊት የሚወልዷቸው ሁሉ ጠፍተዋል። የአንድ ችግኝ ዋጋ ሲተመን ይህ ኪሳራ ካልገባ ዋጋው ሐሰት ነው። የሂሳብ ሠራተኛው ብክለትን አያውቅም፤ የቤተ ሙከራ ባለሙያውም ኪሳራን በብር መጻፍ አልተማረም።

ከዚህ ሁሉ የበለጠ የሚያንገበግበኝ ግን የጤፍ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ተቋምና የግብርና ምርምር ድርጅት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ይጠቀማል፣ ከትርፉም ለኢትዮጵያ ያካፍላል የሚል ነበር። የዘረ መል ሀብት አጠቃቀምን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ገና አልወጣም። ኩባንያው በበኩሉ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ጥያቄ ቀደም ብሎ አስገብቶ ነበር፤ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮም እ.ኤ.አ. በ2007 ሰጠው። የፓተንቱ ፍሬ ነገር እህሉ ከታጨደ በኋላ ቆይቶ፣ በስሎ ሲፈጭ ዱቄቱ የተሻለ ይጋገራል የሚል ነው። ጤፍን በጎተራ አክርሞ መፍጨት ለባልቴቶቻችን አዲስ ግኝት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኩባንያው ከሰረ። ከውሉ ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ሲሆን ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ።

ፓተንቱን በመጨረሻ ያፈረሰውም የእኛ ክርክር አልነበረም። የፓተንቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ አንድ የዳቦ ግብዓት አቅራቢን መብቴን ነክቷል ብሎ ከሰሰ፤ የሄግ ፍርድ ቤትም በኅዳር 2011 ዓ.ም. ነገሩ አዲስ የፈጠራ እርምጃ የለበትም ሲል ፓተንቱን በኔዘርላንድ ሻረው። በአገራችን የጤፍ ሊቃውንት ሞልተዋል፤ ቁንጮን የመሰለ ዝርያ ያወጡ ናቸው። የጎደለው የዱቄቱን ኬሚስትሪና የፓተንቱን አንቀጽ ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ነበር።

የእንዶድም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ቢልሃርዚያ አስተላላፊ ናቸው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህ በሽታ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ግኝቱ ዓለም አቀፍ አድናቆት ቢያገኝም፣ እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ሲቀበሉ 25 ዓመት አልፎ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ የደኅንነት ምርመራ ማስጨረሻ ገንዘብ ሲፈለግ ከረመ። የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ምዝገባ ምን እንደሚጠይቅና ምን እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ማወቅ የሳይንሱ ግማሽ ነው።

በሌላው ዓለም ይህ የሳይንስና የንግድ ጋብቻ በመጀመሪያ የተፈጸመው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሳይንቲስቱ ኸርበርት ቦየርና ገንዘብ አዋዩ ሮበርት ስዋንሰን ጄነንቴክን መሠረቱ፤ በባክቴሪያ የሰው ኢንሱሊን ያሠሩት እነሱ ናቸው። ለእኛ የሚቀርበን ግን የሕንዷ ኪራን ማዙምዳር ሻው ይመስለኛል። ሥነ እንስሳትን ባንጋሎር ተማረች፣ የቢራ ጠመቃን አውስትራሊያ ሄዳ አጠናች፤ ሴት ናት ተብላ በጠማቂነት የሚቀጥራት አጣች። እ.ኤ.አ. በ1978 በ10 ሺህ ሩፒ፣ በተከራየችው ቤት ጋራዥ ውስጥ ባዮኮንን ጀመረች። የመጀመሪያ ምርቶቿ ከፓፓያ የሚወጣ ኢንዛይምና ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚሠራ፣ ሁለቱም ቢራ ለማጥራት የሚያገለግሉ ነገሮች ነበሩ። ባዮኮን ዛሬ ኢንሱሊን ለዓለም ይሸጣል። እሷ የጀመረችው በአቅራቢያዋ ካለ ጥሬ ዕቃና ገዢው ማን እንደሆነ ከማወቅ ነው፤ ጠመቃ ተምራለችና ጠማቂ ምን እንደሚቸግረው ታውቃለች።

ዩኒቨርሲቲዎች ነገሩን በሥርዓት የያዙት ቆይተው ነው። በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ፣ በቀድሞው የመርክ መድኃኒት ኩባንያ መሪ በሮይ ቫጀሎስ ስም የተሰየመ መርሐ ግብር አለው። በዓመት 25 ያህል ተማሪ ብቻ ይቀበላል፤ ተማሪው በሥነ ሕይወትና በታዋቂው የዋርተን ንግድ ትምህርት ቤት ሁለት ዲግሪ ይዞ ይወጣል። በመጨረሻው ዓመት ተማሪዎች በቡድን ሆነው አንድ እውነተኛ የቤተ ሙከራ ግኝት ይሰጣቸውና እንዴት ምርት እንደሚሆን ያቅዳሉ። የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ባዮቴክኖሎጂን ከሂሳብ ሙያ ጋር አጣምሮ ያስተምራል። የሁለቱም መንገድ ከባድ ነው። ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ቀምሶ በአንዱም ያልበሰለ ተመራቂ ማውጣት የዚህ ትምህርት ትልቁ አደጋ ስለሆነ፣ ተማሪ መምረጥና ኮርስ ማጥበቅ ግድ ይላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባዮቴክኖሎጂ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጡት የጋራ ኮርሶች ውስጥ ሥራ ፈጠራና ኢኮኖሚክስ ስላሉ፣ ተማሪ ሁሉ የንግድ ትምህርት ሽታ ደርሶታል ማለት ይቻላል። ችግሩ ጊዜው ነው። ሥራ ፈጠራ የሚሰጠው በመጀመሪያው ዓመት፣ ተማሪው ፒፔት በእጁ ሳይዝ፣ የሚሸጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ፣ በጠርሙሱ ውስጥ የበቀለውን በዓይኑ ሲያይ፣ የንግዱ መምህር ከክፍሉ ወጥቶ ሄዷል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የመውጫ ፈተናም ተማሪውን በየትምህርት ክፍሉ አጥር ውስጥ ይበልጥ ያስገባዋል የሚል ስጋት አለኝ።

ለዚህ ዲግሪ ባሕር ዳር የተመቸች ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ (ፖሊና ፔዳ) ተዋሕደው ሲቆም ምሕንድስናንና መምህርነትን ማጋባት ተችሏል። የባዮቴክኖሎጂ የምርምር ተቋም አለው፣ የንግድና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ አለው፤ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ሲገቡ በመንገድ የሚገኘው የዘንዘልማ ካምፓስ ደግሞ የግብርናው ቤት ነው። አዴት ላይ የግብርና ምርምር ማእከል፣ አንዳሳ ላይ የፎገራን ከብት የሚያራባ የእንስሳት ምርምር ማእከል፣ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል አለ። ለጀማሪ ብድር የሚሰጠው፣ ሰው አብቁተ እያለ የሚያውቀው ተቋም ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ የባንኩ የብድር ባለሙያ ራሱ ክፍል ገብቶ መያዣ የሌለውን፣ በጠርሙስ ያለ ሀብት እንዴት እንደሚመዝን ለተማሪ ቢያስረዳ፣ ከተማሪውም ቢማር እመኛለሁ።

የመርሐ ግብሩ አቀራረጽ ለእኔ ቢተው ንግዱን በመጀመሪያው ዓመት ከማጎር ይልቅ በየዓመቱ ከቤተ ሙከራው ጋር አስኬደው ነበር። የማባዛት ኮርስ በሚሰጥበት ሴሚስተር የዋጋ ስሌት፣ የዘረ መል ኮርስ በሚሰጥበት ጊዜ የፓተንትና የአዋጅ 482 ንባብ ይሰጣል። የተግባር ልምምዱም ከዘር ወቅት ጋር ይገጥማል። አራተኛ ዓመት ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ሐሙሲት፣ ወረታና አምበሳሜ ባሉ የግብርና ግብዓት ሱቆች ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ይቀመጣሉ። ሕያው ማዳበሪያውን ራሳቸው አምርተው ያመጣሉ፣ በጥላ ያስቀምጣሉ፣ ለገበሬው አሽተው ያሳያሉ፣ የተሸጠውንና የተረፈውን ይመዘግባሉ። በኅዳር ማሳው ላይ ተመልሰው ሽምብራውን በእርጋታ ነቅለው የሥሩን እባጭ ሰንጥቀው ያያሉ፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ከረጢቱ የት ላይ እንደሞተ መዝገባቸውን ወደ ኋላ ገልጠው ይፈልጋሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም የሚጻፈው ከዚያ መዝገብ ነው።