ካይሮ፣ ከመግሪብ በፊትና በኋላ

ከአስዋን የተሳፈርኩበት የሌሊት ባቡር ካይሮ፣ ራምሲስ ጣቢያ ሲያደርሰኝ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር። ጀርባዬ ላይ ከባድ ቦርሳ አዝያለሁ፤ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፤ አረብኛዬ ከሰላምታና ከቁጥር አያልፍም። መንገደኛ ባይጾም እንደሚፈቀድለት ባውቅም ጾሜን አልፈታሁም። ሐሳቤ ሁሴን አደባባይ አጠገብ ወዳለ ርካሽ ማረፊያ በእግሬ መሄድ ነበር። በካርታ ሲታይ መንገዱ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከጣቢያው ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ስደርስ ግን እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ካይሮና ዙሪያዋ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ያን ሰዓት ሁሉም ለኢፍጣር ወደ ቤቱ የሚሮጥ ይመስል ነበር። ጡሩምባው አያባራም። ሚኒባሶች ሳይቆሙ ያወርዳሉ፣ ሳይቆሙ ይጭናሉ። በር ላይ ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም የሚጣራውን ረዳት ከአዲስ አበባም አውቀዋለሁ። የከበደኝ መንገድ ማቋረጡ ነው። መኪናው እስኪያልቅ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ አያልቅም።

በመጨረሻ ዘንቢል የያዙ አንዲት እናት አዩኝና እጅጌዬን ሳብ አድርገው «ያላ!» አሉኝ። አልሮጡም፤ መሃል ላይም አልቆሙም። እርምጃቸውን ሳይለውጡ ቀጥ ብለው ተራመዱ፤ ሾፌሮቹም በእሳቸው እርምጃ ልክ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ አሳለፉን። ማዶ ስንደርስ ላመሰግናቸው ዞር ስል ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለዋል።

አታባ አደባባይ ስደርስ ግርግሩ ባሰ። ካልሲው፣ የልጆች ልብሱ፣ ድስቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ከየሱቁ ደጃፍ የረመዳን መብራት የሆነው ባለ ቀለም ፋኑስ ተንጠልጥሏል። አንድ ወጣት ዳቦ የተደረደረበት ሰፊ የእንጨት ርብራብ በራሱ ተሸክሞ፣ በአንድ እጁ ብስክሌት እየነዳ በመኪኖች መካከል ሹልክ ብሎ አለፈ። ግብፃውያን ዳቦን «ዓይሽ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ሕይወት» ማለት ነው። አንድም ዳቦ አልወደቀም።

በአል-አዝሀር ጎዳና ስቀጥል ጀንበሯ ልትጠልቅ ተቃርባለች። «ኪስህን ጠብቅ» ብለው ያስጠነቀቁኝ ብዙዎች ነበሩና ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውርጄ ደረቴ ላይ አቅፌዋለሁ። ድንገት አንድ ልጅ እግር ወጣት ሮጦ መጣና የቦርሳዬን ማንገቻ ያዘ። ሳላስብ በክርኔ ገፋሁት። ከእጁ ላስቲክ ወደቀ፤ ውስጡ የነበረው ቴምር አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

ጓደኞቹ በመኪና መስኮት ለሾፌሮች ቴምርና ውሃ ሲያቀብሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። መግሪብ መንገድ ላይ ለሚደርስበት ሰው ሁሉ ማፍጠሪያ እያደሉ ነበር። ለእኔም ሊሰጠኝ ጠርቶኝ፣ አልሰማ ስለው ነው ሮጦ የያዘኝ። መሬት ቢውጠኝ በወደድኩ። ወጣቱ ግን ፈገግ አለና «ማዕለሽ» ብሎ ሌላ ላስቲክ አስጨበጠኝ። የጥፋቱ ባለቤት እኔ፣ «ግድ የለም» ባዩ እሱ።

ወዲያው ከአንድ ሱቅ ሬዲዮ የኢፍጣር መድፍ ተሰማ፤ አዛኑም ከየሚናራው ተከተለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያላየ አያምንም። ጎዳናው ባዶ ሆነ። ከደቂቃዎች በፊት ያደነቆረኝ ጡሩምባ ጠፍቶ፣ የማንኪያና የሳህን ድምፅ ብቻ ቀረ።

ወጣቱ ክንዴን ይዞ «የአር-ረሕማን ማዕድ» ወደሚባለው፣ ላለፈ ላገደመ ሁሉ ወደሚዘረጋው ረጅም ገበታ ወሰደኝ። በአንድ ጎረምሳ ሾፌርና በአንድ አዛውንት መካከል ተቀመጥኩ። ሾርባ፣ ሩዝ፣ ዶሮ፣ የተምር ሂንዲ መጠጥ ቀረበልኝ። ከየት እንደመጣሁ የተጠየቅሁት ከጠገብኩ በኋላ ነው። «ከሐበሻ» ስል አዛውንቱ ፊታቸው በራ፤ በእጃቸው ወደ አል-አዝሀር መስጊድ አመለከቱኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። በ972 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ለሶላት በተከፈተው በዚያ መስጊድ፣ ከእኛ አካባቢ ለዕውቀት የሚሄዱ ደረሶች «ሪዋቅ አል-ጀበርቲያ» የሚባል ማደሪያ ነበራቸው። የግብፅ ታሪክ ጸሐፊው አብዱረህማን አል-ጀበርቲም አያት ቅድመ አያቶቹ ከዚያው ወገን ናቸው። ከእኔ በፊት ስንቱ መንገደኛ በዚህች ከተማ ግራ ተጋብቶ፣ ስንቱስ በሰው ማዕድ አፍጥሯል!

ከተራዊህ በኋላ ከተማዋ እንደገና ነቃች። ያው ጡሩምባ፣ ያው ግፊያ ተመለሰ። እኔ ግን ቦርሳዬን ወደ ጀርባዬ መልሼ ነበር።

በማግስቱ መግሪብ ሲቃረብ ወደዚያው ጥግ ሄድኩ። ወጣቱ አወቀኝ፤ ሳይጠይቀኝ ሁለት ካርቶን ቴምር አስታቀፈኝ። አንዲት የደከማት ተሳፋሪ እጄ ወደ መስኮቷ ሲጠጋ ደንግጣ ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች። አልተቀየምኳትም። ቴምሩን አሳየኋትና «ማዕለሽ» አልኳት።