ፍቆ ማጥፋትና ሰርዞ ማረም

በብራና ላይ የሚጽፍ ሰው ሲሳሳት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በስለት መፋቅ ነው፤ ቀለሙ ይለቅና ሌላ ቃል በቦታው ይገባል። ሁለተኛው የተሳሳተውን ቃል ከላይና ከታች በጭረት ምልክት ማድረግ ነው፤ አንባቢው ይዘለዋል እንጂ ቃሉ አይጠፋም። በአገራችን የብራና መጻሕፍት የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ስም የገባባቸው ብዙ ናቸው፤ ታሪክ አጥኚውም በተፋቀው ቦታ ላይ ዓይኑን አፍጥጦ ይቀራል።

በኮምፒዩተር በኅብረት ለምንጽፍ ተማሪዎችም ነገሩ ያው ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት የአንድን ጽሑፍ ለውጥ በየደረጃው ይመዘግባል። እያንዳንዱ ምዝገባ ኮሚት ይባላል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ይናገራል። ይህ የፕሮግራም ሠሪዎች ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ተሳስተዋል።

ሦስት ጓደኛሞች ስለ ጭልጋ ይጽፋሉ እንበል። አንዱ «አይከል ከጎንደር በስተምዕራብ፣ በመተማ መንገድ ላይ ናት» የሚለውን አርማለሁ ብሎ «በስተምሥራቅ» አደረገው። ገና ኮሚት ካላደረገው «ጊት ሪስቶር» ብሎ የፋይሉን ስም ቢጨምር ይመለስለታል። ነገር ግን በዚያ ፋይል ሳይመዘግብ የጻፈው መልካም ነገርም አብሮ ይሄዳል።

ኮሚት አድርጎት ለጓደኞቹ ካልላከው «ጊት ሪሴት» ይበቃዋል። ይህ መፋቅ ነው፤ መዝገቡ ወደ ቀደመው ኮሚት ይመለሳል፣ የፋይሉ ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቆያል። «ሃርድ» ከተጨመረበት ፋይሉም ይመለሳል፤ ያልተመዘገበውም ይጠፋል። የተፋቀውን ኮሚት «ጊት ሪፍሎግ» በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ያሳያል፤ ልማዱ ካልተለወጠ 30 ቀን ያህል ይጠብቀዋል።

ከላከው በኋላ ግን መፋቅ አይገባም። ሁለቱ ጓደኞቹ በዚያ ኮሚት ላይ ሌላ ሥራ ጨምረውበታል፤ እሱ ፍቆ በግድ ቢልክ የእነሱም ድካም ከጋራው ቅጂ ይወገዳል። ያን ጊዜ የሚገባው «ጊት ሪቨርት» ነው። ይህ ተቃራኒውን ለውጥ እንደ አዲስ ኮሚት ያስገባል፤ «በስተምሥራቅ» ወጥቶ «በስተምዕራብ» ይገባል፣ መዝገቡ ግን ሁለቱንም ይይዛል። ስሕተቴ በስሜ ተጽፎ ይቀራል ብሎ የሚያፍር አይጠፋም፤ ከጓደኛው የአንድ ሳምንት ሥራ ግን የእሱ ዕፍረት አይበልጥም። ሌላው በዚያው መሥመር ላይ ለውጥ አድርጎ ከሆነ መሣሪያው ቆሞ ይጠይቃል፤ የትኛው ይቅር የሚለው ፍርድ የሰው ነው። ሪቨርቱ ራሱ ስሕተት ሆኖ ቢገኝም እሱንም ሪቨርት ማድረግ ይቻላል።