የገበያ ወሬ ከሬዲዮ ሲጠፋ

የእንስሳት ንግድ የሚሮጠው በወሬ ነው። ሞያሌ ላይ ፍየል ስንት ተሸጠ፣ በርበራ መርከብ ገባ ወይስ አልገባ፣ የትኛው ወረዳ በሽታ ተሰማ፤ ይህን ቀድሞ የሰማ ያተርፋል፣ ዘግይቶ የሰማ መኪናው እንደተጫነ ከመንገድ ይመለሳል።

የየአካባቢው ኤፍ ኤም ጣቢያዎች ግን ከአርብቶ አደር ዝግጅት እየራቁ ነው። ባለጣቢያውን አልወቅሰውም። ለእንግሊዝ ኳስ ትንተናና ለሙዚቃ ማስታወቂያ ይገኛል፤ ለግመል ዋጋ አይገኝም። የእንስሳት ጤና ዝግጅት ብዙ ጊዜ ወጪው የሚሸፈነው በፕሮጀክት ስለሆነ፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ሰዓቱ ለሌላ ይሸጣል።

ከውጭ የሚመጣውም ሳስቷል። ቢቢሲ ከ1938 ጀምሮ ሲያሰራጭ የቆየውን የአረብኛ ሬዲዮ በጥር 2023 ዘጋ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሚያዝያ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ግን፣ በግንቦት ለሱዳን ጊዜያዊ የአጭር ሞገድ ስርጭት መክፈት ግድ ሆነበት። የአሜሪካ ድምፅ በመጋቢት 2025 ሲቆም ደግሞ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ሶማሊኛውና ስዋሂሊው አንድ ላይ ጸጥ አሉ።

«ስልክ አለ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አለ። ዋጋው ግን ከማን ነው የሚመጣው? የሚደውልላችሁ ደላላ ብዙ ጊዜ የገዢ ሰው ነው። በሬዲዮ የተነገረን ዋጋ ሻጭም ገዢም እኩል ስለሰሙት፣ ድርድሩ ከዚያ ይነሳል። ለምሳሌ 120 ፍየል በአይሱዙ ጭናችሁ፣ በአንዱ ፍየል ላይ የ300 ብር ልዩነት እንዳለ ባታውቁ፣ 36,000 ብር ለሚያውቀው ሰው አስረከባችሁ ማለት ነው።

በበሽታ ጊዜ ጉዳቱ ይብሳል። በ2006 መጨረሻ ሪፍት ቫሊ ፊቨር በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ ሲነሳ የጋሪሳ ገበያ ተዘግቶ ነበር። ሳውዲ አረቢያ በዚሁ በሽታ ሳቢያ በ2000 የጣለችው እገዳም እስከ 2009 ዘልቋል። እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በዋትስአፕ ብቻ ሲመጣ፣ እውነት ይሁን ተፎካካሪ የነዛው ወሬ መለየት ያስቸግራል። ከከተማ ርቆ በግጦሽ ላይ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ኔትወርክ የለውም፤ ያለው በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ነው። እሱ ሳይሰማ ከቀረ የታመመውን እንስሳ እናንተ ወደምትገዙበት ገበያ ይነዳዋል።

ከናይሮቢ በሶማሊኛ የሚሰራጨው ራዲዮ ኤርጎ በአጭር ሞገድ ስለ ዝናብና ስለ እንስሳት ጤና እየተናገረ አድማጭ አፍርቷል። የነጋዴ ማኅበራትም በገበያ ዋዜማ ከአካባቢያቸው ጣቢያ 10 ደቂቃ ቢገዙ፣ ወጪው በአባላት ሲከፋፈል ከአንድ ፍየል ዋጋ በታች ሊሆን ይችላል። ዋጋውን የሚያነበው ግን ደላላ መሆን የለበትም፤ የገበያው መዝጋቢ ወይም የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ያንብበው።