ጥፋቱ የዝናቡ ብቻ ነውን?

በወለጋ ምድር ክረምቱ ዘግይቶ የሚገባ አይደለም። ሚያዝያ ሲያልቅ ደመናው መሰብሰብ ይጀምራል፤ በግንቦት ዝናቡ ይጠነክራል፤ እስከ ጥቅምትም ድረስ ጓዙን ጠቅልሎ አይሄድም። በነቀምቴ ከተማ በዓመት የሚወርደው ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ አዲስ አበባ ከምታገኘው ይበልጣል። የቡናና የበቆሎ አገር የሆነውን ወለጋን የሚያለመልመው ይኸው ዝናብ በረከት መሆኑን የሚክድ የለም። ዳሩ ግን በከተማው ሰው ቤት አንድ የታወቀ ብስጭት ይዞ ይመጣል፤ ይኸውም ሰማዩ ሲጠቁር የቴሌቪዥኑ ምስል መሰባበሩ፥ ቀጥሎም «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ ትቶ መጥፋቱ ነው።

በነቀምቴ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር በየቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የተተከለውን ዲሽ የተመለከተ ሰው፥ ነዋሪው ወሬ ለመስማትና ለማወቅ ያለውን ፍላጎት ሳይጠይቅ ይረዳል። በሻይ ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ዶፉ የወረደ እንደ ሆነ፥ ሰኔና ሰኞ ገጠመ ማለት ነው። ተመልካቹ ያጉረመርማል፤ የከፈልኩት ገንዘብ ይመለስልኝ የሚልም አይታጣም፤ የቤቱ ባለቤትም ከወጣቶቹ አንዱን «አንተ ልጅ፥ እስቲ ጣሪያው ላይ ውጣና ነቅነቅ አድርገው» ትለዋለች። ልጁ «አዴ፥ መብረቁ እስኪያልፍ ይታገሡኝ እንጂ» ብሎ ቢመልስ ፈሪ ሊባል አይገባውም። ከቤቱ ሰው ሁሉ ይልቅ አስተዋዩ እርሱ ለመሆኑ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን።

የኳስ ጨዋታ ቢያመልጥ ውጤቱን በማግሥቱ ከሰው መስማት ይቻላል። ያመለጠ ትምህርት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት እንዲገለገሉ በተደረገ ጊዜ፥ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል ከተማሪው አፍ የማይጠፋ ሆኖ ነበር። ሒሳቡ፥ ፊዚክሱና ኬሚስትሪው ከአንድ ማዕከል በአንድ ሰዓት ለመላው አገር ይተላለፍ ነበር። በአዲስ አበባ ያለው ተማሪና በወለጋ ያለው ተማሪ ከአንድ መምህር እንዲማሩ መታሰቡ መልካም ሐሳብ ነበር። ይሁን እንጂ በማዕከል ያለው መምህር የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ሰማይ ሊያይ አይችልም። መብራት ቢጠፋም ሆነ ምስሉ ቢቋረጥ እርሱ ትምህርቱን ይቀጥላል፤ ምስሉ ሲመለስ ተማሪው ስሌቱን ከመካከሉ ደርሶ ያገኘዋል።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። በሩ እንደ ተዘጋ ሚያዝያና ግንቦት ደረሱ፤ የወለጋም ዝናብ እንደ ልማዱ ገባ። እንግዲህ በቤቱ በቂ መጽሐፍ የሌለው፥ መምህሩንም በቴሌቪዥኑ ብቻ የሚያገኝ ልጅ፥ ዶፍ በወረደ ቁጥር ከክፍል የተባረረ ያህል ነበር። ስለዚህ ነገሩን የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አድርገን ልናልፈው አይገባንም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም «ዝናቡ ነዋ!» ብለን መመለስ ለምደናል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት የነገሩን አሠራር በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

ሳተላይት የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨረቃ ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ ምድርን የሚዞረው ምድር ራሷን በምትዞርበት ጊዜ ልክ ስለ ሆነ፥ ለእኛ በአንድ ቦታ የቆመ ይመስለናል። በዚህ ከፍታ ላይ የመገናኛ ጣቢያ ቢቆም ዓለምን ሊያገናኝ እንደሚችል አርተር ክላርክ የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ጽፎ ነበር። ሐሳቡም ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሥራ ላይ ዋለ። አበበ ቢቂላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ለሁለተኛ ጊዜ የማራቶን ድል በተቀዳጀበት የኦሊምፒክ ጨዋታ፥ ሲንኮም 3 የተባለው ሳተላይት የቴሌቪዥን ምስል ከጃፓን ወደ አሜሪካ አስተላልፏል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ከዚያ ድል 12 ቀን በኋላ፥ ጥቅምት 23 ቀን በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ።

ከሳተላይቱ የሚወርደው ሞገድ ይህን ሁሉ መንገድ ያለ ችግር ተጉዞ የሚሰናከለው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ነው። በየቤቱ ዲሽ የምንቀበለው ሞገድ በሴኮንድ ወደ 12 ቢሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ሲሆን፥ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞገዱ እንዲህ አጭር በመሆኑ የዝናቡ ጠብታ ከፊሉን ይውጠዋል፤ ከፊሉንም ወዲያና ወዲህ ይበትነዋል። ካፊያ ብዙ አይጎዳውም። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር በሚያወርድ ዶፍ ውስጥ ግን በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ100 እጅ 40 ያህሉን ኃይሉን ያጣል።

በዚህ ረገድ የነቀምቴን ሁኔታ ማስላት ይቻላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በእኛ አካባቢ ውሃው በረዶ መሆኑ ቀርቶ ጠብታ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ በ5,000 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፥ ከራሳችን በላይ ያለው የዝናብ ዓምድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ደጋ መሆናችን በዚህ በኩል ጠቅሞናል፤ በቆላው ዓምዱ ከዚህ ይረዝማል። ነገር ግን ሞገዱ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ አግድሞ ነው የሚመጣው። ከነቀምቴ ሆኖ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወደሚገኘው ናይልሳት የሚመለከት ዲሽ፥ ከአድማስ 39 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ያያል። የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት በተጀመረ ጊዜ የተመረጠው ሳተላይት ግን የሚገኘው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ነበር። ወደዚያ የሚመለከት የነቀምቴ ዲሽ 64 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስለን። ወደ ምዕራብ ጎንበስ ብሎ የሚመለከተው ዲሽ ሞገዱን የሚቀበለው 4.8 ኪሎ ሜትር ያህል ዝናብ አልፎ ሲሆን፥ ወደ ምሥራቅ ቀና ያለው ግን 3.3 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ነው። በዚያ ዶፍ ውስጥ ለመጀመሪያው የሚደርሰው ኃይል ከዐሥር አንድ እጅ ያነሰ ሲሆን፥ ለሁለተኛው የሚደርሰው ከአምስት አንድ እጅ ጥቂት ያነሰ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የአንዱ ጎረቤት ቴሌቪዥን ሲጠፋ የሌላው የማይጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመጣለን። በቀድሞው ቴሌቪዥን ሞገዱ በደከመ ጊዜ ምስሉ ቀስ በቀስ ነጠብጣብ ይሞላበት ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ የአንቴናውን ጉድለት በበጋውም ያውቅ ነበር። የዛሬው ዲጂታል ቴሌቪዥን ግን እንዲህ አያስጠነቅቅም። የሞገዱ ኃይል ከአንድ ልክ በላይ እስከ ሆነ ድረስ ተቀባዩ ስሕተቱን ሁሉ እያረመ ጥርት ያለ ምስል ያሳያል፤ ከዚያ ልክ በታች ሲወርድ ግን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ በጥር ፀሐይ ሲታይ፥ በሚገባ የተስተካከለው ዲሽና ከገደል አፋፍ ላይ የቆመው ዲሽ አንድ ዓይነት ምስል ያሳያሉ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የሚታወቀው ዝናብ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው ብርቱውን ዶፍ ካልሆነ በቀር ይቋቋማል፤ ሁለተኛው በመጠነኛው ዝናብ ይወድቃል። ጉድለቱ ግን የተሠራው በበጋ ነው።

ይህ ጉድለት ከየት ይመጣል? አንደኛ፥ ብዙ ጊዜ ዲሽ ተካዩ ምስሉ እንደ ታየ ሥራው ያለቀ መስሎት ብሎኑን አጥብቆ ይሄዳል። የሚገባው ግን በተቀባዩ መሣሪያ ላይ የሚታየውን የሲግናል ጥራት መለኪያ እየተመለከቱ ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ በማንቀሳቀስ የመጨረሻውን ከፍተኛ ቁጥር መፈለግ ነው። ሁለተኛ፥ የዲሹ ስፋት ነው። 90 ሴንቲ ሜትር የሆነው ዲሽ 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነው የሚበልጠው በግማሽ ብቻ አይደለም፤ የሚሰበስበው ኃይል ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሦስተኛ፥ በኬብሉ መጋጠሚያና ኤል.ኤን.ቢ. በሚባለው ተቀባይ ውስጥ ውሃ ሲገባ ብረቱ ይዝጋል። አራተኛ፥ በበጋ ቅርንጫፉ ራቁቱን የነበረ ዛፍ በክረምት ቅጠል ለብሶ፥ ቅጠሉም ውሃ ጠጥቶ በዲሹ ፊት ይቆማል።

ዝናቡንና የራሳችንን ጉድለት ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። በዶፍ ጊዜ ጠፍቶ ዶፉ ሲያልፍ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚመለስ ምስል ያጠፋው ዝናቡ ነው። በካፊያ የሚጠፋ ወይም ዝናቡ ካባራ በኋላም የማይመለስ ከሆነ ግን፥ መመርመር ያለበት ዲሹና ኬብሉ ነው። በሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ፥ ያውም ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ከጠፋ ደግሞ፥ ችግሩ ምናልባት ፕሮግራሙ ወደ ሳተላይት በሚላክበት ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ በዚያም ዝናብ ይዘንባልና።

ከዚህም በቀር በዝናብ ጊዜ ዲሽን መነቅነቅ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ሞገዱ በደከመበት ሰዓት ትክክለኛው አቅጣጫ ሊገኝ አይችልም። ዝናቡ ሲያባራ ሊመለስ የነበረው ምስል፥ ዲሹ ከቦታው ስለ ተናጋ ሳይመለስ ይቀራል። መብረቅ በሚበርቅበት ሰዓት እርጥብ ቆርቆሮ ላይ መውጣትም ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። የሻይ ቤቱ ልጅ ትክክል ነው ያልነው በዚህ ሁለት ምክንያት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ቤት ባለቤቱ ነው፤ ነገር ግን አገልግሎት ሰጪውም ድርሻ አለበት። ዝናብ የበዛባቸው ሌሎች አገሮች ሰማያቸውን ተመልክተው ነው የሠሩት። ኢንዶኔዥያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ፓላፓ የተባለውን የመጀመሪያ ሳተላይቷን ስታመጥቅ የመረጠችው ዝናብ እምብዛም የማይጎዳውን ረዘም ያለ ሞገድ ነበር። ሕንድም በ1975 እና በ1976 ለ2,400 ያህል መንደሮች የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርትና ምክር በሙከራ ስታሠራጭ፥ የተጠቀመችበት ሞገድ ከዚህም የረዘመ ነበር። እርግጥ ነው፤ ረዘም ያለው ሞገድ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ዲሽ ስለሚፈልግ ለያንዳንዱ ቤት አይመችም። ለትምህርት ቤት ግን ሰፊ ግቢ አለው። ይህ ባይቻል እንኳ ትምህርቱን በቅጂ አስቀምጦ በማግሥቱ ማሳየት፥ የሚደገምበትን ሰዓት አስቀድሞ መንገር፥ ያንኑ ትምህርት በሬዲዮም ማሰማት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወጣት ሠራተኞች፥ «በአየር ጠባይ ምክንያት አገልግሎቱ ተቋርጧል» የሚል ወረቀት ለመጻፍ ብዕር በምታነሡበት ጊዜ ይህን አስቡ። የአየር ጠባይ ለአንድ ሰዓት መቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በየዓመቱ ለሚደጋገም መቋረጥ ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ክረምት ቀጠሮውን የሚያከብር እንግዳ ነውና ድንገት ደረሰብን ማለት አያምርም። ድልድዩም፥ የመብራት ምሰሶውም፥ የስልክ መሥመሩም በበጋ ሲታይ ሁሉም ደኅና ነው። ጥሩ ሥራ መሠራቱን ማረጋገጥ የሚቻለው፥ በበጋው ምን ያህል ትርፍ አቅም እንደ ተያዘለት በመለካት ነው።

በዩኒቨርሲቲና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ጽሑፍ ቢያንስ አንድ ሥራ ውሰዱ። መስከረምና ጥቅምት አልፈው ሰማዩ ሲጠራ፥ በሰፈራችሁ ያሉትን ዲሾች የሲግናል ጥራት ቁጥር በደብተራችሁ መዝግቡ፤ ዝቅተኛ ሆኖ የተገኘውን ከባለሙያ ጋር አስተካክሉ። በሚቀጥለው ሰኔ የትኛው እንደ ጸና፥ የትኛው እንደ ወደቀ ተመልከቱ። ዶፉ ሲበረታ ሁሉም ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፉ አይድነቃችሁ፤ ያ የዝናቡ ድርሻ ነው። ከዚያ የተረፈው የእኛ ድርሻ ነውና እርሱን ማቃለል በእጃችን ነው።